ስሟን በሩ ላይ ሰቅላችሁ ወንበሩን ለከለከላችሁን

ለክብርት ወይዘሮ ሎሬይን ስታፎርድ
የሙርዲላ ወረዳ ምክር ቤት ከንቲባ
ሙርዲላ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በዚህ ሙቀት ያልተጎዳ ሰው በወረዳችን ባይገኝም፣ እርስዎና የምክር ቤቱ አባላት በአዲሱ አዳራሽ አየር ማቀዝቀዣ የተነሳ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደምትገኙ ከደጅ ሆኜ በመስኮት አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ለባለቤትዎ ከብቶች ዝናቡን ያውርድላቸው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ በመንበርከክ ብዛት የመጣ ሕመም ስላልሆነ ግን አያሳፍረኝም።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ የግብዣ ወረቀት ደርሶኛል። ከፖስተኛው የተቀበለችው የልጄ ሚስት ኮራሊ ናት፤ አዳራሹን የሰየማችሁበትን ስም በጥቁር ፕላስተር ከሸፈነች በኋላ ሰጠችኝ። ስሙ በየመስመሩ ስለነበረ ግብዣዎ እጄ ሲገባ በፋሻ የተጠቀለለ ቁስለኛ ይመስል ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ልግለጽ፤ እርስዎ ያውቁታልና ይታገሡኝ። ስሙ ባለፈው የብርድ ወራት የሞተችው የታላቅ እህቴ ስም ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሐዘኑ እስኪወጣ ድረስ ስሙ አይጠራም፣ አይጻፍም፤ ፎቶው ፊቱን ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ ስሙ ባለበት ቤት አይገባም። ሐዘኑ የሚወጣው ደግሞ ቤተሰቡ በቅጠል ጭስ ቤቱን አጭሶ «በቃ» ባለ ቀን እንጂ የቀን መቁጠሪያ ባለ ቀን አይደለም። ይህን የሙርዲላ ሥጋ ሻጭ ያውቃል። የፖሊስ ጣቢያው ውሻም ሳያውቅ አይቀርም። አብሮን መቶ ሃምሳ ዓመት የኖረ ምክር ቤት አያውቅም ብሎ መጠርጠር ነውር ስለሚሆንብኝ፣ እያወቃችሁ ነው ያደረጋችሁት ብዬ አከብራችኋለሁ።

በግብዣው ላይ «ውድ አጎት ሆራስ» ብለው ስለጠሩኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው። አጎትነት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። አጎት ያለው ሰው ትልቅ ነገር ከማድረጉ በፊት ይጠይቀዋል፤ አጎቱ ዝም ቢል ይጠብቃል፤ እምቢ ቢል ይተዋል። የእህቴ ልጅ መሆንዎን እስከ ዛሬ ባለማወቄ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እንደ አጎት የምናገረውን እንደ ዘመድ እንደሚሰሙኝ አምናለሁ።

በጋዜጣ የምጽፍልዎ ለክፋት አይደለም። ቢሮ ድረስ መጥቼ በየጊዜው የተናገርኩት ሁሉ «ተመዝግቧል» ተብሏል። እህቴ በሕይወቷ የተናገረችውም ሁሉ ተመዝግቧል። ምክር ቤቱ የሚመዘግበው ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚረካ ስላየሁ፣ ታትሞ ቢመጣለት ድካም ይቀንስለታል ብዬ ነው። ቅሬታዎቼም እነሆ።

አንደኛ፤ ስለ ወንበሩ።

አገሩ በሙሉ ስለ እኛ ድምፅ የሰጠበትን ቅዳሜ ያስታውሳሉ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ የዚህ ምድር የመጀመሪያ ሰዎች በሕገ መንግሥቱ ይታወቁ፣ ለፓርላማውም ሐሳባቸውን የሚነግሩበት አንድ አካል ይኑራቸው ወይ? አገሩ አሰበበትና «አይሆንም» አለ። እኔ ትምህርቴን በበግ ሸላቾች ጎጆ፣ በሱፍ ከረጢት ላይ የታተመውን ፊደል እየቆጠርኩ የጀመርኩና እዚያው የጨረስኩ ሰው ብሆንም፣ ሕገ መንግሥቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ለመርከብ መንገድ ስለሚያሳዩ የባሕር ዳር መብራቶች ይናገራል። ስለ ሚዛን ይናገራል። ስለ እኛ አንድ ቃል የለበትም። ድሮ ሁለት ቦታ ተጠቅሰን ነበር፤ አንደኛው ሕዝብ ሲቆጠር እንዳንቆጠር፣ ሁለተኛው ለሌላው ዘር የሚወጣው ሕግ እኛን እንዳይጨምር። ኋላ ሁለቱንም ፋቁልን፤ እግዜር ይስጣቸው። መብራቶቹ ግን አሁንም አሉ።

ያን ሰሞን ነው እርስዎ ወንዝ ዳር መንደራችን ድረስ መጥተው፣ እህቴ የጠበሰችውን ዓሣ በእጅዎ እየበሉ፣ «አገሩ እምቢ ያለውን ሙርዲላ እምቢ አትልም» ያሉት። ቃል የገቡልን አንድ ወንበር ነበር። ድምፅ የሚሰጥበት ወንበር አይደለም፤ ያን ያህል አልደፈርንም። ከጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ፣ ነገር ከመወሰኑ በፊት የሚናገር አንድ ሰው ብቻ።

እህቴ ያን ወንበር ለዓመታት ስትጠይቅ ኖራለች። በየስብሰባው ታጣፊ ወንበሯን ከቤቷ ተሸክማ ትመጣና በሩ አጠገብ ዘርግታ ትቀመጣለች። እጇን ታወጣለች። «የሕዝብ አስተያየት ሰዓት አልፏል» ትባላለች። ወንበሯን አጥፋ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ትመለሳለች። አንድ ቀን «ምን አደከመሽ?» ብላት፣ «ሆሪ፣ ወንበር ተሸክሜ ስገባ ያዩኛል እኮ። አንድ ቀን አፍረው ነይ እዚህ ተቀመጪ ይሉኛል» አለችኝ። እህቴ በሰው ላይ እምነት ነበራት። እኔ የለኝም።

ወንበሩ ዛሬ ለምን እንዳንገበገበን ደግሞ ላስታውስዎ። የወረዳው ቆሻሻ መጣያ ሞልቶ ወደ ምሥራቅ ይስፋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምሥራቁ የመቃብር ቦታችን ነው። አጥር ስለሌለው ካርታችሁ «ባዶ መሬት» ይለዋል። ባዶ አይደለም። እናቴ እዚያ አለች፤ አሁን ደግሞ እህቴ አለች። ምክትልዎ ግን ለአንድ ወገን ወንበር መስጠት ወረዳውን እንደሚከፋፍል፣ ሁላችንም እኩል እንደሆንን በሬዲዮ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ልቤም ተነክቷል። እኩል ከሆንን ቆሻሻው ለምን ወደ ምዕራብ እንደማይሰፋ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ምዕራቡ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ እዚያ የተቀበረ ሰው እንዳለ አልሰማሁም።

ሁለተኛ፤ ስላደረጋችሁልን ክብር።

እህቴ ከተቀበረች ብዙም ሳይቆይ የሕዝብ ግንኙነታችሁ አቶ ብሬንት ኮል ሐዘን ወደተቀመጥንበት ሰፈር አበባ ይዞ መጣ። ስለ አበባው አመሰግናለሁ፤ ፍየሎቹ ወደዱት። እናቷ የሞተችባት ሴት ሐዘን ላይ ሳለች አትናገርም፤ ለወራት በእጅ ምልክት ብቻ ነው የምትግባባው። አቶ ኮል በቀጥታ ወደ እህቴ ልጅ ሄዶ፣ «አዲሱን አዳራሽ በእናትሽ ስም ልንሰይመው ነው፤ ቅር ይልሻል?» አላት። ስሙንም ጮክ ብሎ ጠራው። ሴቶቹ ጆሯቸውን ደፈኑ። ልጅቷ ተነስታ ጀርባዋን ሰጠችው።

ከዚህ የበለጠ እምቢታ በእኛ ዘንድ የለም፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዱላ ነው። የአክስቴ ልጅ ሜርትል ነገሩ ስላልገባው አዘነችለትና መኪናው ድረስ ተከትላ፣ «አንተ ልጅ፣ ሚስትህ ጀርባዋን ስትሰጥህ እሺ አለችኝ ብለህ ነው የምትተኛው?» አለችው። ሳቀ። በዚያው ሳምንት በጋዜጣ ያነበብነው «የሟች ልጅ በስሜት ከመዋጣቸው የተነሳ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ቤተሰቡም በሙሉ ልብ ተስማምቷል» የሚል ነበር።

እርስዎም «ወንበሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ስሟ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነው» ብለው ተናገሩ። አመሰግናለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ወንበር ቢሰጡት ይናገርበታል። የሞተ ሰው ግድግዳ ቢሰጡት ዝም ይላል። ልዩነቱን ተረድታችሁ መምረጣችሁ የአስተዋይነት ምልክት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ አውቶቡሱ።

የከተማው አውቶቡስ ሾፌር የእኛው ልጅ ኔቪል ነው። የፌርማታውን ስም መጥራት ግዴታው ነው፤ የአዳራሹን ፌርማታ ግን አይጠራም። «ቀጥሎ ያ ቤት ነው፤ የምትወርዱ ውረዱ» ይላል። ባለፈው አንዲት እንግዳ ሴት ግራ ገብቷት «የትኛው ቤት?» ብትለው፣

«ያ ነዋ።»

«ስም የለውም እንዴ?»

«አለው እንጂ እመቤቴ። ስም ስላለው እኮ ነው የተቸገርነው።»

ሴትዮዋ አቤቱታ አቀረበች፤ ኔቪል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። በደብዳቤው ራስጌ ላይ የምክር ቤቱ አዲስ አድራሻ ከነስሙ ስለታተመ ሊያነበው አልቻለም። እኔ ልንገረው ብዬ ብሞክር እኔም አልቻልኩም። በምን እንደተቀጣ እስከ ዛሬ ሁለታችንም በትክክል አናውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ዝምታችን።

ባለፈው ወር የወንበሩ ጉዳይ ለውይይት ሲቀርብ ስብሰባውን በዚያው አዳራሽ አደረጋችሁት። መንደሩ በሙሉ መጣ። አሮጊቶቹን በጭነት መኪና ጭነን አመጣናቸው። መግባት ስለማንችል ከመንገዱ ማዶ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። በእናንተና በእኛ መካከል የነበረው አንድ አስፋልት ብቻ ነው። ለጥበቃው «ግባና፣ መጥተዋል፣ እዚሁ ናቸው፣ አንድ ሰው ወጥቶ ያናግራቸው በል» አልኩት። ገብቶ ተመለሰ።

«ለምን አይገቡም ነው የሚሉት። ሻይ አለ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው» አለን።

ሜርትል፣ «ሻዩን ጠጡት። አየሩን ወደዚህ ላኩልን» አለችው።

መስኮቱ ክፍት ስለነበር ስብሰባው ሲጀመር የምታነቡትን ሰማን፦ «የዚህን ምድር ጥንታዊ ባለቤቶች፣ ያለፉትንና ዛሬ ያሉትን ሽማግሌዎቻቸውን እናከብራለን።» ከመካከላችን ሽማግሌ የሆነው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ። ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ፤ ሙቀቱ ይገባል ተብሎ መሆን አለበት። ምክትልዎ ተነስተው «የወንዙ ሰዎች ተወካይ አለ ወይ?» ብለው መጠየቃቸውን፣ መልስ ሲያጡም «እንግዲህ ፍላጎት የላቸውም» ማለታቸውን በማግስቱ ከሬዲዮ ነው የሰማነው። ሜርትል በመስተዋቱ በኩል ኮፍያዋን ስታውለበልብ ነበር። እርስዎም ፈገግ ብለው እጅዎን አነሱላት። ሰላምታዎን አድርሳለች።

ውሳኔያችሁ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው ስብሰባም ፍላጎት ካልታየ የወንበሩ ጉዳይ ይዘጋል። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚካሄደው በመክፈቻው በዓል ዕለት፣ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ፣ በዚያው አዳራሽ ነው። ከወንበሩ ቀጥሎ የተያዘው አጀንዳ ቆሻሻ መጣያው ነው።

ክብርት ሆይ፣ ይህ አስባችሁ የዘረጋችሁት ወጥመድ ቢሆን ኖሮ ባርኔጣዬን አንስቼ አደንቃችሁ ነበር። የሚያንገበግበኝ ወጥመድ አለመሆኑ ነው። ማንም አላሰበበትም። በሩን በራሳችን ሰው ስም ዘጋችሁብን፤ ከዚያ ምን ሆነው ነው የማይገቡት ብላችሁ ከልባችሁ ተገረማችሁ። ተንኮለኛን ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ቅን ልብ ያለውን ምን ያደርጉታል?

አምስተኛ፤ ስለ ጭሱ።

በመክፈቻው ቀን እንግዶቹን «እንኳን ወደ ምድራችን በደህና መጣችሁ» እንድልና አዳራሹን በቅጠል ጭስ እንዳጭስ ጋብዘውኛል። ከግብዣው ጋር የተያያዘው ማሳሰቢያ ደግሞ የእሳት አደጋ ደወሉ እንዳይጮህ ጭሱ «በተቻለ መጠን ጭስ የማያወጣ» እንዲሆን በትሕትና ይጠይቃል። ድምፅ የማይሰጥ ወንበር ለመቀበል ተስማምቼ ነበር። ሰው የሌለበት ምክክርም አይቻለሁ። ጭስ የሌለው ጭስ ግን በዕድሜዬ አዲስ ነው።

ጭሱ ጌጥ አይደለም። ሐዘን መውጣቱን ለሟቿ የምንነግርበት ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ከሙዚቃው በኋላ፣ ከኬኩ በፊት፣ ባጭሩ ሐዘናችንን ጨርሰን ቦታውን እንድንለቅ ነው።

እንግዲህ መልሴን ልስጥ።

አልዋሽዎትም፤ መንደሩ ውስጥ ተጨቃጭቀንበታል። ሜርትል ማልዳ ቤቴ መጥታ፣ «ስማ፣ አንተ ድንጋይ ራስ። ሐዘኑን እናሳጥረውና እንግባ። ስሙን ፈርተን ደጅ ስንቀመጥ እኮ በአጥንቷ ላይ ቆሻሻ ሊደፉባት ነው። የቱ ይብሳል?» አለችኝ። እኔ እምቢተኛ ሰው ነኝ፤ ያም ሆኖ ጥያቄዋ ትክክል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንድንጠያየቅ ያደረጋችሁን እናንተ ናችሁ፤ ይህንንም ከምስጋናዬ ጋር ይመዝግቡልኝ።

ሐዘኑ ግን የእኔም የሜርትልም አይደለም፤ የልጅቷ ነው። ተያይዘን ሄደን ጠየቅናት። ወንዙ ዳር ተቀምጣ ነበር። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። «ገና ነኝ» ማለቷ ነው። ሜርትል አጠገቧ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ወደ ቤቴ ተመልሼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

ስለዚህ በመክፈቻው ቀን አልገባም፤ አላጨስም፤ እንኳን ደህና መጣችሁም አልልም። በእኛ ሕግ ወደ ሰው ምድር የሚመጣ እንግዳ ከሰፈር ውጭ እሳቱን አንድዶ ይቀመጣል፤ ባለ ምድሩ አይቶት እስኪጠራው ድረስ ይጠብቃል። እናንተ ስትመጡ አልጠበቃችሁም። እኛ ግን ስንጠራችሁ ኖረናል፤ በየበዓሉ፣ በየምረቃው፣ የመኪና ማቆሚያ ሲመረቅ እንኳ ሳይቀር እንኳን ደህና መጣችሁ ስንል። እስካሁን ያልኩትን መልሼ አልወስድም፤ ከአፌ የወጣ ነው። ከእንግዲህ ግን ከእኔ አትሰሙትም፤ በእኔ ቦታ የሚቆም ሌላ ሰውም ከመንደሩ አታገኙም።

በዚያ ቀን የምንገኘው ከዛፉ ሥር ነው። ስብሰባው ወደ ዛፉ ይምጣ። የስብሰባ ደንባችሁን አንብቤዋለሁ፤ በወረዳው ክልል ውስጥ የትም መሰብሰብ ትችላላችሁ ይላል። በጎርፉ ዓመት በመጠጥ ቤቱ ጓሮ ተሰብስባችሁ ስለ መንገድ ሥራ ወስናችኋል፤ መንገዱም እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ለቢራ የወጣ ምክር ቤት ለእኛ አንድ አስፋልት መሻገር አያቅተውም። የበሩንም ጽሑፍ በጨርቅ ሸፍኑት። ልጅቷ «በቃ» ያለች ቀን ጨርቁን እኛው እናነሳዋለን፤ ጭሱንም ጭስ አድርገን እናጨሰዋለን፤ ደወሉም ይጩህ።

ስትመጡ አንድ ትርፍ ወንበር ይዛችሁ ኑ። የእህቴን ታጣፊ ወንበር ተስፋ አታድርጉት፤ የሟች ዕቃ በእኛ ዘንድ ይቃጠላል፤ በገዛ እጄ አቃጥዬዋለሁ። ከእንግዲህ ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ የሚመጣላችሁ ሰው የለም።

ለምክር ቤቱ ረጅም ዕድሜ፣ ለምክትልዎ መልካም የጎልፍ ወቅት፣ ለአቶ ኮል ፊቷን የማታዞርበት ሚስት እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ለሰላምታ እንጂ ለንግግር በማይታይበት ስፍራ የሚጠብቅዎ፣

ሳይጠየቅ የተሾመ አጎትዎ፣
ሆራስ ዳርጋን
ወንዝ ዳር መንደር፣ ሙርዲላ

ሳልረሳው፦ የሟች ስም ለምን እንደማይጠራ ከመካከላችሁ የጠየቀን የለም፤ ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ሟች ስሟን ስትሰማ የተጠራች ይመስላታል፤ መንገዷን ትታ ትመለሳለች። በበዓሉ ዕለት ስሟን በድምፅ ማጉያ ደጋግማችሁ እንደምትጠሩት ከፕሮግራሙ ላይ አይቻለሁ፤ ኮራሊ ፕላስተሩ አልቆባት ነበር። እህቴ ደግሞ ስብሰባ ተጠርታ የቀረችበት ቀን የለም። ትመጣለች። እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ትቆማለች፤ ወንበሯ ግን ተቃጥሏል። የት እንደምትቀመጥ ከወዲሁ አስቡበት።